ኪሊማንጃሮ ለባልና ሚስት፦ በአምስት ቀን ወይስ በሰባት?

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ሐዋሳ ነው የምንኖረው። የጋብቻችንን አምስተኛ ዓመት በጥር ወር ኪሊማንጃሮ ወጥተን ልናከብር አስበናል። አንድ አስጎብኚ በማራንጉ መንገድ የአምስት ቀን ጉዞ አቅርቦልናል፤ አልጋ ያለው እሱ ነው፣ ርካሹም እሱ ነው ብሎናል። ባለቤቴ በሳምንት ሦስት ቀን ኳስ ይጫወታል። እኔ አመሻሽ ላይ በሐይቁ ዳር ከመራመድ ሌላ ስፖርት የለኝም፤ ወደ ኋላ እንዳልጎትተው እሰጋለሁ። የቱ መንገድ ይሻለናል? ምን እናዘጋጅ? የከፍታ መድኃኒት የሚባለውስ ያስፈልገናል ወይ?

ምላሽ፦

የአምስት ቀኑን ጉዞ አትቀበሉ። ጫማው፣ ጃኬቱ፣ ልምምዱ ሁሉ ከዚህ ውሳኔ በኋላ የሚመጣ ነው።

ምክንያቱ ቁጥሩ ላይ ነው። የማራንጉ በር 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። የመጀመሪያውን ሌሊት ማንዳራ 2,720 ሜትር ላይ ታድራላችሁ፣ ሁለተኛውን ሆሮምቦ 3,720 ላይ፣ ሦስተኛውን ኪቦ 4,720 ላይ። ኪቦ ደግሞ ማደር ማለት እንኳ ይከብዳል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ተነስታችሁ 5,895 ሜትር ወዳለው ኡሁሩ ጫፍ መሄድ ትጀምራላችሁ። የተራራ ሕክምና ባለሙያዎች የሚስማሙበት መመሪያ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፣ በየሦስት አራት ቀኑም ከፍታ ሳይጨመር አንድ ሌሊት ይታደር ይላል። የቀረበላችሁ ጉዞ የዚህን እጥፍ ይዘላል፣ ያውም ሁለት ሌሊት በተከታታይ።

በየትኛውም ከፍታ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው፤ በዚህ ምክንያት ጫፉ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኙት ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ሰውነት ይህን የሚያካክሰው መጀመሪያ አተነፋፈስን በማፍጠንና በማጥለቅ፣ ከዚያም ኩላሊት የደሙን ኬሚካል እንዲያስተካክል በማድረግ ነው። ኩላሊት ቀናት ይፈልጋል። በልምምድም በገንዘብም አይፋጠንም፤ መግዛት የሚቻለው ቀን ብቻ ነው።

የባለቤትዎ ኳስ እግሩን ይረዳዋል፣ ከከፍታ በሽታ ግን አይከላከልለትም። እንዲያውም በተራራ ላይ በብዛት የሚታመመው ጉልበቱን ተማምኖ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፊት ፊት የሚሄደው ነው። እርስዎ በዝግታ መሄድዎ ለሁለታችሁም ፍሬን ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ከወዲሁ ይወሰን፦ መሪው ከፊት፣ ቀጥሎ እርስዎ፣ ከኋላ ባለቤትዎ። የሚበጀው ፍጥነት እያወሩ መሄድ የሚያስችለው ነው፤ አረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ካጠረ ፍጥነቱ በዝቷል። የታንዛኒያ መሪዎች ቀኑን ሙሉ «ፖሌ ፖሌ» የሚሉት ቀስ፣ ቀስ ማለታቸው ነው።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚለውንም አትመኑበት። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከባሕር ጠለል አካባቢ ከሚመጣ ሰው ጥቂት ትሻላላችሁ እንጂ 4,700 ላይ ለማደር የሚያበቃ አይደለም።

በአምስት ቀኑ ፋንታ ማቻሜ የሚባለውን መንገድ በሰባት ቀን ጠይቁ። ከ1,800 ሜትር ተነስቶ ማቻሜ ካምፕ 2,850 ገደማ፣ ሺራ 3,840፣ ባራንኮ 3,960፣ ካራንጋ 4,000፣ ባራፉ 4,670 ላይ ያሳድራል። የመንገዱ ጥቅም ሦስተኛው ቀን ላይ ነው፦ ከሺራ ተነስታችሁ ላቫ ታወር 4,630 ሜትር ድረስ ትወጡና ምሳ በልታችሁ ወደ ባራንኮ ትወርዳላችሁ። ሰውነት ከፍታውን ለጥቂት ሰዓት ይቀምሳል፣ እንቅልፉን ግን ዝቅ ብሎ ያገኛል። ላቫ ታወር ላይ ራስ ቢያማችሁ አትደንግጡ፣ ብዙ ሰው ያመዋል፤ ባራንኮ ስትደርሱ መልቀቅ አለበት። ማቻሜን በስድስት ቀን የሚሸጡ አሉ፤ የሚቆርጡት የካራንጋን ሌሊት ነው፣ እሱ ደግሞ ከሁሉም የሚያስፈልገው ሌሊት ነው። ገንዘብ ከተረፈ ሌሞሾ የሚባለው መንገድ በስምንት ቀን ከማቻሜም ይሻላል።

አልጋ ካልሆነ የሚሉ ከሆነ ማራንጉን በስድስት ቀን አድርጉት፤ ሆሮምቦ ሁለት ሌሊት አድራችሁ በመሃሉ ቀን ወደ ዜብራ ሮክስ ወጥታችሁ ትመለሳላችሁ። ግን አልጋው ለባልና ሚስት የተሰናዳ እንዳይመስላችሁ። የተደራረበ አልጋ ያለው ጎጆ ነው፣ ከማታውቋቸው ሰዎች ጋር ትጋሩታላችሁ፣ ኪቦ ላይ ደግሞ ክፍሉ የብዙ ሰው ነው። ለብቻችሁ መሆን የምትችሉት ድንኳን ውስጥ ነው።

የዋጋውን ልዩነት ቁጭ ብለን እናስላው። የፓርኩ ክፍያ ለውጭ ዜጋ በቀን 70 ዶላር፣ ለድንኳን በሌሊት 50 ዶላር (ለጎጆ 60)፣ ለነፍስ አድን በጉዞ 20 ዶላር ነው፤ በዚህ ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ስላልሆነች የቅናሹ ተመን አይመለከታችሁም። በዚህ ስሌት ማቻሜ በሰባት ቀን ለአንድ ሰው 956 ዶላር፣ ማራንጉ በአምስት ቀን 720 ዶላር ይመጣል። ሁለቱ ተጨማሪ ቀናት ለፓርኩ ብቻ ለአንድ ሰው 236 ዶላር ይጨምራሉ ማለት ነው፤ የሠራተኛውና የምግቡ በላዩ ይታከላል። ይህን ልዩነት አዲስ ጃኬትና ቄንጠኛ ቦርሳ በመተው አካክሱት። ተመኑ ስለሚከለስ የዘንድሮውን በጽሑፍ ጠይቁ። የሰባት ቀን ጉዞ 1,200 ዶላር ነው የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ ከፓርኩ ክፍያ የተረፈው ምን ያህል እንደሆነ አስቡት፤ የጎደለው የሚሞላው ከተሸካሚዎቹ ደመወዝና ከእናንተ ራት ነው።

በዋጋው ውስጥ የማይታየው ጉርሻ ነው። ለሁለት ሰው በተለምዶ አንድ መሪ፣ አንድ ረዳት መሪ፣ አንድ ምግብ አብሳይና ስድስት ያህል ተሸካሚዎች ይሰማራሉ። በቀን ለመሪው 20፣ ለረዳቱ 15፣ ለአብሳዩ 12፣ ለእያንዳንዱ ተሸካሚ 8 ዶላር ብትይዙ በሰባት ቀን 665 ዶላር ነው፣ ለሁለታችሁ በጋራ። በትንንሽ ኖት ይዘርዘር። ተሸካሚ ከ20 ኪሎ በላይ እንዳይዝ ጭነቱ በሩ ላይ ይመዘናል፤ ከእናንተ የእያንዳንዳችሁ ሻንጣ ከ15 ኪሎ አይለፍ።

ጥር ጥሩ ምርጫ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ኪሊማንጃሮ ደረቅ ነው፤ የሚጠነቀቁት ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ያለውን ረጅሙን ዝናብና የኅዳሩን አጭሩን ነው። ከጥምቀት እስከ ወሩ መጨረሻ ያለው ጊዜ ሌላም ጥቅም አለው፦ ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት ስለማይገባ ጾም የምትጾሙ ከሆነ የሚያሳስባችሁ ረቡዕና ዓርብ፣ በአንዳንድ ዓመት ደግሞ የነነዌ ጾም ሦስት ቀናት ናቸው።

አሁን ሐዋሳ መኖራችሁ የሚጠቅምበት ጉዳይ ላይ ደረስን። ባሌ ደጃችሁ ነው። ከአውሮፓ የሚመጣው ሰው በገንዘቡ የማያገኘውን ቅድመ ዝግጅት እናንተ በመኪና በሻሸመኔ፣ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጋችሁ ታገኙታላችሁ። ዲንሾ 3,100 ሜትር አካባቢ ነው። እዚያ አራት ሌሊት እደሩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ዲንሾ ዙሪያ ተራመዱ፤ በሦስተኛውና በአራተኛው በጎባ በኩል ወደ ሳነቴ አምባ ወጥታችሁ፣ ቱሉ ዲምቱ (4,377 ሜትር) አካባቢ አራት አምስት ሰዓት በእግር ሄዳችሁ ለማደር ዲንሾ ተመለሱ። ሳነቴ ላይ ድንኳን መትከል ያምራል፣ ግን ከ3,100 በአንዴ 4,000 ላይ ማደር ያው የማራንጉ ስህተት ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ።

ይህ ዝግጅት ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ ስለሚጠፋ በጣም ቀደም ብላችሁ ብትሠሩት ትርፉ ያንሳል። ከጥር 5 እስከ 9 ባሌ፣ ለከተራና ለጥምቀት ሐዋሳ፣ ጥር 13 በረራ፣ ጥር 15 መውጣት ብትጀምሩ ይስማማል። ሳነቴ ላይ ሌላም ነገር ታውቃላችሁ፦ የማን ራስ እንደሚያም፣ የማን ጫማ እንደሚልጥ፣ የማን ጓንት ነፋስ እንደሚያስገባ።

ለእግር ዝግጅት ሦስት ወር በቂ ነው። ታቦር ተራራ አጭር ስለሆነ አንድ ጊዜ መውጣት ልምምድ አይባልም፤ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ተሸክማችሁ አራት አምስት ጊዜ ውጡ ውረዱ። ቅዳሜ ወይም እሑድ አላሙራ ተራራ ይሻላል። መውረዱን አትናቁት፤ ጫፉን በረገጣችሁበት ቀን ከ5,895 ወደ 3,100 ሜትር ስለምትወርዱ ጉልበትና የእግር ጣት ጥፍር የሚጎዳው ያኔ ነው። ጫማው ግማሽ ቁጥር ሰፋ ይበል፣ ጉዞው ሳይደርስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተሄዶበት ይለመድ፣ ጥፍር ከሁለት ቀን በፊት ይቆረጥ። ወደ ታች ስትሄዱ ዱላውን ከአምስት እስከ አስር ሴንቲ ሜትር አስረዝሙት።

መድኃኒቱ አሴታዞላማይድ ነው፣ በንግድ ስሙ ዳያሞክስ። ለመከላከል የሚወሰደው 125 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ መውጣት ከሚጀመርበት ቀን ዋዜማ ይጀመራል። አተነፋፈስን ስለሚያፋጥን ሰውነት የሚለምድበትን ጊዜ ያሳጥራል፤ ምልክት የሚሸፍን ማስታገሻ አይደለም። ሽንት ያበዛል፣ ጣትና ከንፈር ይነዝራል፣ ለስላሳ መጠጥ ጣዕሙ ይበላሻል፤ እነዚህ አያሳስቡም። ለሰልፋ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ለባክትሪም፣ አለርጂ ያለበት ሰው ከሐኪም ጋር ሳይመክር እንዳይነካው። ለሰባት ቀኑ ጉዞ ከባሌ ዝግጅት ጋር የግድ ነው አልልም፤ ግን በዲንሾ ራስ ምታት ያልለቀቀው ሰው ቢወስድ ጥሩ ነው። ሐኪም ዘንድ ቀርባችሁ፣ ባሌ ላይ አንድ ሁለት ቀን ሞክሩት፤ የጎንዮሽ ጉዳቱን ባራፉ ላይ ሌሊት ለመጀመሪያ ጊዜ ማወቅ አያስፈልግም።

እንደ ባልና ሚስት ደግሞ አንድ ነገር፦ ከመነሳታችሁ በፊት የእርግዝና ምርመራ አድርጉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ጉዞው ይተላለፍ፣ መድኃኒቱም አይወሰድ።

ሌሊት የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ከ4,000 ሜትር አካባቢ ጀምሮ አጠገብዎ የተኛው ሰው አተነፋፈሱ እየጠለቀ እየፈጠነ ይሄድና ድንገት ጸጥ ይላል። አምስት ሰከንድ፣ አስር ሰከንድ፣ ምንም የለም። ከዚያ በረጅሙ ስቦ ይቀጥላል። የሞተ መስሏቸው ባላቸውን የሚቀሰቅሱ ብዙ ናቸው። ይህ በከፍታ ላይ የሚጠበቅ ነው፣ በራሱ በሽታ አይደለም፤ አትቀስቅሱት። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ግን ያባብሱታል። ሁለት ስሊፒንግ ባግ በዚፕ አጣምሮ አንድ ላይ መተኛት እዚህ አይመከርም፤ አንዱ በተገላበጠ ቁጥር ቅዝቃዜ ይገባል፣ ሁለታችሁም አታርፉም።

የሚያሳስበው ሌላ ነው። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ መጥላት፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ የከፍታ በሽታ ነው ብላችሁ ያዙት፤ እስኪሻል ድረስ ወደ ላይ አይኬድም። ሰውዬው ተረከዙን ከሌላው እግሩ ጣት ጫፍ እያስነካ በቀጥታ መስመር አሥር እርምጃ መሄድ ካቃተው፣ ወይም ወሬው ከተዘበራረቀ፣ አንጎሉ ውኃ እየያዘ ነው። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ካጠረውና ካሳለ ሳንባው ነው። ሁለቱም ይገድላሉ፤ የሁለቱም መድኃኒት መውረድ ነው፣ ሌሊትም ይሁን ዝናብ። ኦክስጅንና ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ለመውረጃ ጊዜ ይሰጣሉ እንጂ መውረዱን አይተኩም። ተራ የከፍታ በሽታ ትኩሳት አያመጣም፤ ከሐዋሳ ለሚነሳ ሰው ብርድ ብርድ ብሎ ትኩሳት ከመጣ ወባ መጠርጠር አለበት።

ባልና ሚስት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንዱ ራሱን እያመመው ለሌላው ደስታ ሲል ዝም ይላል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ መሪው ሲጠይቃችሁ ለየብቻ መልሱ፣ አንዱ ለሌላው አይመልስ። ጣት ላይ የሚደረገውን የኦክስጅን መለኪያ ውድድር አታድርጉት፤ 4,700 ላይ 80 በመቶ አካባቢ መሆን የተለመደ ነው፣ ጣት ሲቀዘቅዝም ውሸት ያነባል። ከሁሉ በላይ ሐዋሳ ሳላችሁ፣ አእምሯችሁ ንጹሕ በሆነበት ሰዓት፣ አንዱ መመለስ ቢኖርበት ሌላው ይቀጥል ወይስ አብሮ ይውረድ የሚለውን ተስማሙ። 5,500 ሜትር ላይ በሌሊት የሚደረግ የባልና ሚስት ክርክር መልካም ሆኖ አያውቅም። ለዚህም ነው ረዳት መሪ የግድ የሚሆነው፤ አንድ መሪ ብቻ ካለ የአንዳችሁ መታመም ጉዞውን ለሁለታችሁም ይዘጋዋል።

የመጨረሻው ሌሊት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ይጀምራል። ስዋሂሊ ሰዓትን እንደኛ ነው የሚቆጥረው፤ «ሳ ሲታ ኡሲኩ» ማለት ያው ሌሊት 6 ሰዓት ነው። መሪዎቹ ግን ለእንግዳ በፈረንጅ ሰዓት ስለሚናገሩ በየትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ከባራፉ ስቴላ ፖይንት (5,756) ስድስት ሰዓት ያህል፣ ከዚያ ኡሁሩ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 10 እስከ 20 ዲግሪ ይወርዳል፣ ነፋሱ በላዩ። ከላይ አራት ድርብ፣ ከታች ሦስት፤ ከስስ ጓንት በላይ ጣቶችን ባንድ የሚይዝ ወፍራም ጓንት። ጥጥ ከሰውነት አይገናኝ፣ ላብ ይይዝና ያቀዘቅዛል። ጋቢም ጥጥ ነው፤ ሆቴል ይቆይ። የውኃ ቱቦ ስለሚቀዘቅዝ በጠርሙስ ያዙ፣ ካልሲ አልብሳችሁ ገልብጣችሁ አስቀምጡት፤ በረዶው የሚጀምረው ከላይ ስለሆነ ክዳኑ አይዘጋባችሁም። የስልክና የግንባር ባትሪውን ደረታችሁ ላይ ያዙ። ስሊፒንግ ባግ ከተራራው ሥር ባለችው ሞሺ ከተማ ስትከራዩ መለያው ላይ «ኮምፎርት» የሚለውን ቁጥር እዩ፣ ከዜሮ በታች 10 ይሁን፤ «ኤክስትሪም» የሚለው አይሞቱም ማለት እንጂ ይተኛሉ ማለት አይደለም።

ስለ ምግብ፦ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ሥጋና ቅባት ያስጠላል፣ ሰውነትም የሚፈልገው እህሉን ነው። በሶ ይዛችሁ ሂዱ። የሂማላያ ሰዎች ጻምፓ የሚሉት ምግብ የኛው በሶ ነው፣ ገብስ ተቆልቶ የተፈጨ። ለአንድ ሰው በቀን 100 ግራም፣ ለሁለታችሁ ለሰባት ቀን ኪሎ ተኩል ይበቃል። ማታ በሞቀ ውኃና በስኳር አሹት፣ ለመጨረሻው ሌሊት በጭብጦ ሠርታችሁ በውስጥ ኪስ ያዙት፤ በቅቤ ፋንታ ዘይት ከገባበት ለጾምም ይሆናል። ሚጥሚጣ በትንሽ ብልቃጥ ከተያዘ የአብሳዩን ሾርባ ያስበላል። ውኃ በቀን ሦስት ሊትር ያህል ጠጡ። ካራንጋ የመጨረሻው የውኃ ቦታ ነው፣ ባራፉ ላይ ውኃ የለም፤ ተሸካሚዎች ከታች ነው የሚያመጡት። ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በዳጣ የሚበላውን ጥሬ ዓሣ ተዉት፣ ክትፎውንም በስሎ ብሉት። ተቅማጥ ይዞ ተራራ መውጣት አይቻልም።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ከጉዞው ቢያንስ አስር ቀን በፊት የተሞላ ይሁን፤ ከኢትዮጵያ ለሚገባ ሰው ታንዛኒያ ትጠይቃለች። ቪዛውን ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት ጨርሱ። የጉዞ ዋስትናው ላይ የከፍታ ገደቡን አንብቡ፤ 4,000 ወይም 4,500 ላይ የሚያቆሙ ውሎች ብዙ ናቸው፣ እናንተ የሚያስፈልጋችሁ እስከ 6,000 ሜትር የሚሸፍን ነው።

ለአስጎብኚው አሁኑኑ በጽሑፍ ይጠይቁት፦ ማቻሜ በሰባት ቀን፣ ካራንጋ ላይ ማደር ይጨምራል ወይ? ረዳት መሪ አለ ወይ? የኦክስጅን ሲሊንደር ባራፉ ድረስ ይያዛል ወይ? ለተሸካሚ በቀን ስንት ትከፍላላችሁ? ለአራቱም ግልጽ መልስ ካልሰጠ ሌላ ፈልጉ።